«ከእኩለ ሌሊት በኋላ ምንም እንዳትቀምሱ» ማለት ከየት መጣ?

ኦፕራሲዮን ቀጠሮ የያዛችሁ ብዙዎቻችሁ «ዶክተር፣ ውሃ እንኳ የምንከለከለው ለምንድን ነው?» ትሉኛላችሁ። ዛሬ ታሪኩን ላጫውታችሁ።

በ1848 እ.ኤ.አ. በሰሜን እንግሊዝ ኒውካስል አቅራቢያ ሐና ግሪነር የምትባል የ15 ዓመት ልጅ የእግር ጥፍሯ ሊነቀል ክሎሮፎርም አሸተቷት። ወዲያው ተዝለፈለፈች። ትንቃ ብለው በአፏ ውሃና ብራንዲ ሰጧት፤ በደቂቃዎች ውስጥ ግን አረፈች። ክሎሮፎርምን ለሕክምና ያስተዋወቀው ጄምስ ሲምፕሰን «የገደላት ክሎሮፎርሙ ሳይሆን ያጠጧት ነገር ነው» ብሎ ተከራከረ። ጉዳዩ ዛሬም ያከራክራል።

ነቅተን ሳለን ምግብ ትን ሲለን እንስላለን። በሰመመን ውስጥ ግን ሳሉ ይጠፋል፤ ከጨጓራ ወደ ላይ የተመለሰ ነገር ሳንባ ይገባል።

ይህን በደንብ ያሳየው የኒውዮርኩ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ከርቲስ ሜንደልሰን ነው። በ1946 ባሳተመው ጥናት የ44,016 እርግዝናዎችን መዝገብ አገላብጦ የጨጓራ ይዘት ሳንባቸው የገባ 66 እናቶችን አገኘ። ሁለቱ ሞተዋል፤ ሁለቱም በጠጣር ምግብ ታፍነው። ቀጥሎ ጥንቸሎች ላይ ሞከረ፤ ሳንባን ክፉኛ የሚያቃጥለው አሲዱ መሆኑንም አረጋገጠ።

ከዚያ በኋላ «ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምንም» የሚለው ትእዛዝ በየሆስፒታሉ ተስፋፋ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ትእዛዙ ለሆስፒታሉ አሠራር ይመቻል እንጂ ከሰዓት በኋላ ተራው ለሚደርስ ሰው ጭካኔ ነው። ጆሴፍ ሊስተር እኮ ገና በ1883 ጠጣር ምግብ ከልክሎ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ቀድሞ ሻይ መጠጣትን ፈቅዶ ነበር! የአሜሪካ የሰመመን ሐኪሞች ማኅበር በ1999 ውሃና ወተት የሌለው ሻይ እስከ 2 ሰዓት፣ የእናት ጡት ወተት እስከ 4፣ ቀለል ያለ ምግብ እስከ 6 ሰዓት ቀደም ብሎ ይቻላል አለ።

ችግሩ፣ ሁሉም ጨጓራ በሰዓት አይሠራም። ምጥ፣ የመኪና አደጋ፣ የቆየ ስኳር በሽታ ምግቡን ያዘገዩታል። ስለዚህ ሐኪሞች «ለምን አናየውም?» አሉ። በ2009 በቶሮንቶ አናሂ ፔርላስና ባልደረቦቿ የጨጓራን ይዘት በአልትራሳውንድ መለካት እንደሚቻል አሳዩ። መሣሪያው ከደረት አጥንት በታች ይደረጋል፤ ታማሚው በጀርባው፣ ከዚያም በቀኝ ጎኑ ይተኛል። ባዶ ጨጓራ ጠፍጣፋ ሆኖ ይታያል፤ ፈሳሽ ጥቁር፣ ምግብ ደግሞ የተዥጎረጎረ ነው። ፈሳሹ በኪሎ ከ1.5 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ፣ ማለትም 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ90 ሚሊ ሊትር ካለፈ፣ ጥንቃቄው ይጨምራል። ምርመራው ደቂቃዎች ብቻ ይወስዳል፤ አያምም።

ይህ ግን በየቦታው አይገኝም። ቀጠሮ እንዳይሰረዝባቸው ቁርስ መብላታቸውን የሚደብቁ ታማሚዎች ገጥመውኛል። እባካችሁ ንገሩን፤ ቀጠሮው በሰዓታት ቢገፋ ነው። የክብደት መቀነሻ መርፌ፣ ለምሳሌ ሴማግሉታይድ፣ የምትወስዱም ቀጠሮ ስትይዙ አስቀድማችሁ አሳውቁ፤ መድኃኒቱ ምግብ ከጨጓራ ቶሎ እንዳይወጣ ያደርጋል።