«የሰማህ ላልሰማህ አሰማ»፦ የአዋጅ ወግና የዜና አድማጭ ቅሬታ፣ ከድሬዳዋ ሲታይ



ባለፈው መንፈቅ ዓመት ከታሪክ ተማሪዎቼ ጋር አንድ ቀላል ልምምድ አድርገን ነበር። የአንድ ጣቢያን የማታ ዜና በጽሑፍ ገልብጠን ማሰሪያ አንቀጾቹን ብቻ አሰመርንባቸው። «ገለጹ»፣ «አስታወቁ»፣ «አሳሰቡ»፣ «ተጠቆመ»፣ «ተመለከተ» የሚሉት ገጹን ሞሉት። የዘነበው ዝናብ፣ የተወደደው እህል፣ የተፈናቀለው ሰው በዜናው ውስጥ አልጠፉም፤ ነገር ግን ሁሉም ከአንድ ባለሥልጣን ንግግር ሥር ተጠልለው የገቡ ነበሩ። አንዲት ተማሪ፣ «መምህር፣ እዚህ ዜና ውስጥ ከመናገር በቀር ማንም ምንም አላደረገም» አለች። የዛሬውን ንግግር ያዘጋጀሁት ከእርሷ አስተያየት ተነሥቼ ነው።

ሕዝባችን ስለ ብዙኃን መገናኛ ሲያማርር ሁለት ነገር ይላል፤ «ያዳላሉ»፣ «ላይ ላዩን ብቻ ነው»። በየመድረኩ የምንከራከረው በመጀመሪያው ላይ ነው። እኔ ግን ታሪኩን ባገላበጥሁ ቁጥር ሁለተኛው የሚቀድም፣ ሁለቱም ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ሆነው አገኛቸዋለሁ። ምንጩ አዋጅ ነው።

ነጋሪት ተጎስሞ «አዋጅ! አዋጅ! የሰማህ ላልሰማህ አሰማ» ሲባል አድማጩ የሚሰጠው ሥራ አንድ ነው፤ ማድረስ። መጠየቅ፣ ማመሳከር፣ መመለስ የእርሱ ፈንታ አይደለም። ይህ ማለት ግን የቀድሞው ሥርዓት ጆሮ አልነበረውም ማለት አይደለም። ነገሥታቱ «እረኛ ምን አለ?» እያሉ ይጠይቁ እንደነበር በአፈ ታሪክ ይነገራል። እረኛ ማንንም ሳይፈራ በሜዳ የሚያንጎራጉረውን መስማት የአገሩን ልብ ማወቂያ ነበር። ስለዚህ ሁለት መንገዶች ነበሩ፤ አንዱ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ፣ ሌላው ከታች ወደ ላይ የሚወጣ። ዘመናዊው ጋዜጣ ሲመጣ የወረሰው የመጀመሪያውን ነው። የእረኛውን ቦታ የያዘ ዓምድ አልተከፈተም።

በ1890ዎቹ አንድሬ ካቫዲያ የተባለ ግሪካዊ በእጅ ጽሑፍ እያባዛ የጀመራት ጋዜጣ «አእምሮ» የሚል ስሟን ያገኘችው ከዳግማዊ ምኒልክ ነው። «ብርሃንና ሰላም» በ1917 ዓ.ም. ሲወጣ ከጀርባው አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ነበሩ። «አዲስ ዘመን» በ1933 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ መመለስ ጋር ተወለደ። ሦስቱም ለአገር የሠሩት ውለታ ቀላል አይደለም፤ የአማርኛ ስድ ንባብ ያለ እነርሱ ዛሬ ያለው አይሆንም ነበር። ሆኖም ሦስቱም ወደ ቤተ መንግሥት በኩል የተከፈቱ መስኮቶች ነበሩ።

የእኛ ከተማ ጉዳይ ደግሞ ለብቻው የሚነሣ ነው። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ናት፤ ወሬም ከጂቡቲ ከጨርቁና ከጨው ጋር አብሮ ይጫን ነበር። በ1905 እ.ኤ.አ. የካፑቺን ሚሲዮናውያን በሐረር «ለ ሰሜር ዴትዮፒ» (የኢትዮጵያ ዘሪ) የተባለ ጋዜጣ ጀመሩ፤ ኋላም የቅዱስ አልዓዛር ማተሚያ ቤታቸው ወደዚህ ከተማ ተዛወረ። ጋዜጣው የሚታተመው በፈረንሳይኛ ነው። በመጋላ ገበያ ግን የሚነገረው ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ አማርኛ፣ ሐረሪኛና ዐረብኛ ነበር። ነዋሪው አጠገቡ የሚታተመውን ወረቀት ሊያነብ አይችልም፤ ዜናውን የሚያገኘው ከለገሀር፣ ከሻይ ቤትና ከበርጫ ነው። አንድን ወሬ በአምስት ቋንቋ ሰምቶ ማነጻጸር የለመደ ሕዝብ አንድ ድምፅ ብቻ ሲሰማ ቢጠራጠር አይገርመኝም።

አሁን የነገሩ እምብርት ወደሆነው፣ ወደ ወሎ ረሃብ እንለፍ። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ሕዝብ ሲያልቅ በአገሩ ጋዜጣና ሬዲዮ ላይ ረሃቡ በስሙ አልተጠራም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ሥፍራው ሄደው ፎቶግራፎች ይዘው ተመለሱ፤ በግቢው ውስጥም አሳዩ። ይህን ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የምነግራቸው፣ ያን ጊዜ የጋዜጠኛውን ሥራ የሠራው ዩኒቨርሲቲ ስለነበረ ነው። ዓለም ግን ነገሩን በሰፊው ያወቀው በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በብሪታንያ ቴሌቪዥን ሲታይ ነው። ኢትዮጵያውያን ተመልካቾች ፊልሙን በቴሌቪዥናቸው ለማየት አንድ ዓመት ያህል መጠበቅ ነበረባቸው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት ደርግ ፊልሙን ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር አፈራርቆ አሰራጨው፤ ንጉሠ ነገሥቱም እንዲያዩት ተደረገ። በማግሥቱ ከሥልጣን ወረዱ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። በዚያ ምሽት የታየው ምስል እውነት ነበር። ተመልካቹ ለዓመታት የተነፈገውን እውነት አገኘ፤ ያገኘው ግን እንደ አዋጅ፣ ለሌላ ዓላማ ተቀናብሮ ነው። ያን ምስል ያሰራጨው መንግሥት አሥረኛ ዓመቱን በመስከረም 1977 ዓ.ም. በታላቅ ድግስ ሲያከብር በሰሜን ሌላ ረሃብ ይዞ ነበር፤ እርሱም ተሸሸገ። ጥቅምት 13 ቀን የቢቢሲው ማይክል ቡርክ ከኮረም ያጠናቀረው ዘገባ ለዓለም ሲታይ የ1966ቱ ታሪክ ተደገመ። ወገንተኝነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ወገኑ ሲለወጥ ዜናውም በተለወጠ ነበር። መንግሥት ተለወጠ፤ የዜናው ቅርጽ ግን እንደነበረ ቀጠለ።

ድሬዳዋ ይህን በሌላ መልኩ ቀምሳዋለች። በነሐሴ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ከተማችንን ሊይዝ ሲያጠቃ የሞቃዲሾ መንግሥት መደበኛ ሠራዊቱ በጦርነቱ እንዳልገባ ያስተባብል ነበር። የታንክ ድምፅ በጆሮው እየሰማ በሬዲዮ «ጦር የለም» የሚባለው የድሬ ሰው የክህደትን ጣዕም ከዚያ ወገን አወቀ። በወዲህ በኩል ደግሞ ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ከጥቂት ወራት በፊት ተወርሶ ነበርና የአገር ውስጡ ድምፅ አንድ ብቻ ሆነ። አጭር ሞገድ ላይ ጀርመን ድምፅን ፈልጎ ማግኘት፣ ከ1975 ጀምሮም የአሜሪካ ድምፅን ማድመጥ የብዙ ቤት የማታ ልማድ የሆነው በዚህ ዘመን ነው። ስለ ገዛ መንደር ለማወቅ ኮሎኝንና ዋሽንግተንን ማድመጥ፤ ልጆቻችን ይህን ቢሰሙ ቀልድ ይመስላቸዋል።

በዚያው ዘመን የኖረ አንድ ሰው ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። በዓሉ ግርማ «አዲስ ዘመን»ን በዋና አዘጋጅነት የመራ፣ በማስታወቂያ ሚኒስቴርም ያገለገለ ነው። ስለ ቀይ ኮከብ ዘመቻ ያወቀውን በዜና ሊናገረው አልቻለም፤ በ1975 ዓ.ም. በ«ኦሮማይ» ልቦለድ ጻፈው፤ ዋና ገጸ ባሕርዩም ጋዜጠኛ ነው። በ1976 ዓ.ም. በዓሉ ተሰወረ፤ አልተመለሰም። ዜና የዘጋውን ልቦለድ ሲሸከመው ጋዜጠኛው የሚከፍለው ዋጋ እስከዚህ ይደርሳል።

ከ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ በኋላ ያለው ለአብዛኞቻችሁ ቅርብ ስለሆነ አላረዝመውም። የግል ጋዜጦች እንደ አሸን ፈሉ፤ ግማሾቹ ደፋር፣ ግማሾቹ ችኩል ነበሩ። ከግንቦት 7 ቀን 1997ቱ ምርጫ በፊት በቴሌቪዥን የታየው የፓርቲዎች ክርክር ሕዝቡ ጥያቄና መልስ የሞላበት ፕሮግራም ሲያገኝ ምን ያህል እንደሚከታተል አሳይቷል። ከዚያ እስሩና መዘጋቱ መጣ። በ2002 ዓ.ም. ኢሳት፣ ቆይቶም ኦ ኤም ኤን ከውጭ ማሰራጨት ሲጀምሩ ተመልካቹ አማራጭ አገኘሁ አለ። ነገር ግን፣ ይህ የእኔ ፍርድ ነው፣ ብዙዎቹ የለወጡት የሚወገዘውን ሰው ነው እንጂ የአዋጁን ወግ አይደለም። ዛሬም አድማጩ ሁለት ተቃራኒ አዋጆችን ሰምቶ መካከሉን በራሱ ይገምታል፤ ድካሙም ከዚህ ይመነጫል።

ስለ ላይ ላዩንነት ከተናገርሁ አይቀር ደጃችን ወዳለው ወንዝ ልመለስ። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ወሰደ። ዜናው የሟቾችን ቁጥር፣ የባለሥልጣናትን ጉብኝትና የእርዳታውን መጠን ነገረን፤ እነዚህም ያስፈልጋሉ። ነገር ግን ደቻቱ ከዚያ በፊትም ደጋግሞ ሞልቶ ነበር። በላያችን ያሉት ተራሮች መራቆታቸው፣ ድሃው ርካሽ ቦታ ሲፈልግ ወደ አሸዋው ዳር መውረዱ የአንድ ሌሊት ክስተት አልነበረም። ይህ በየዓመቱ ሊጻፍ የሚችል ታሪክ ነበር፤ ነገር ግን መግለጫ የሚሰጥበት ባለሥልጣን ስላልነበረው ዜና ሊሆን አልቻለም። እዚያ ዳር የኖሩ እናቶች ውኃው እንዴት እንደሚመጣ ከማንም በላይ ያውቁ ነበር፤ «ምን አላችሁ?» ብሎ የጠየቃቸው ግን የመጣው ከጎርፉ በኋላ ነው።

በዚህ ወር ተማሪዎቼ በመጋላ፣ በገንደ ቆሬና በከዚራ ያሉ አዛውንቶችን ሁለት ነገር መጠየቅ ጀምረዋል፤ በነሐሴ 1969 እና በዚያች የሐምሌ ሌሊት ምን እንዳዩ፣ በማግሥቱስ ከሬዲዮው ምን እንደሰሙ። ምላሾቹን በተነገሩበት ቋንቋ እንቀዳቸዋለን። በቤታችሁ የሚያስታውስ አባት ወይም እናት ያላችሁ፣ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ ስማችሁን በር ላይ ላሉት ተማሪዎች ስጡልን።