መቀሱ

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ የእንቁጣጣሽ ድግስ ገና ከገበታ ሳይነሳ፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የወሎን ረሃብ አሳየ። ፊልሙ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ለአገሩ ሰው ያቀረበው ነው። እንዳለ ግን አልቀረበም፤ የደርግ መቀስ ገብቶበታል። የተራቡት ይታዩና ወዲያው የቤተ መንግሥት ግብዣ ይመጣል። ደግሞ የተራቡት፤ ከዚያ ንጉሡ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ። በማግስቱ ከዙፋን ወረዱ።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ይህን ነገር ለምሳሌ አነሳው ነበር፤ ሁለት ሥዕል ጎን ለጎን ሲቀመጥ ሦስተኛ ትርጉም እንደሚወለድ ለማሳየት። አንድ ዓመት ታዲያ አንድ ተማሪ እጁን አወጣና፣ «መምህር፣ ረሃቡ እውነት ነው፤ ግብዣውም እውነት ነው። ውሸቱ የቱ ጋ ነው?» አለኝ።

ያን ቀን ደህና መልስ አልነበረኝም። ውሸት የለበትማ! የንጉሡ መንግሥት ረሃቡን መሸሸጉን ማን ይክዳል?

ዛሬ ብጠየቅ ከመቀሱ ባለቤት እጀምራለሁ። ፊልሙ የተቆረጠው ለወሎ ገበሬ ታስቦ አይደለም፤ ንጉሡ በትንሽ ቮልስዋገን ሲወሰዱ ማንም እንዳይከፋው ነው። ያን ምሽት «ይውረዱ፣ እሺ፤ የሚተካውስ ማነው?» የሚል ሰው ቢገኝ ማን ይሰማዋል? ተከራክረህ ልታሳምነኝ ስትሞክር እምቢ ልልህ እችላለሁ። የተራበ ሕፃን አሳይተህ ስታስለቅሰኝ ግን እምቢታዬን አስቀድመህ ጭካኔ አድርገኸዋል። የሕዝቡ ቁጣ የራሱ ነበር፤ መሪውን የያዘው ግን ሌላ ሰው ነው።

አሥር ዓመት አለፈ። መስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመትና የኢሠፓ ምሥረታ ሲከበር ወሎና ትግራይ እንደገና እየረገፉ ነበር። ከበዓሉ በፊት የውጭ ጋዜጠኞች ወደ ሰሜን እንዳይሄዱ ተከለከሉ። የቢቢሲው ማይክል በርክና መሐመድ አሚን ከቆረም ያመጡትን ዓለም ያየው በዓሉ ካለፈ በኋላ፣ ጥቅምት 13 ቀን ነው። ግብዣውም ነበረ፣ ረሃቡም ነበረ። መቀሱም ሥራ አልፈታም፤ በዚህኛው ዙር ረሃቡን ቆርጦ ግብዣውን ብቻ አስቀረ።

እኔ ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። ለሰልፉ ስንለማመድ ዳቦ ይታደለን ነበር፤ ግማሹን ለታናሽ ወንድሜ አስቀርለት ነበር። የረሃቡ ወሬ ደርሷችሁ ነበር ወይ ብትሉኝ፣ ደርሶናል፤ በሹክሹክታም ቢሆን ደርሶናል። መዝሙሩን ግን ጮክ ብዬ ነው የዘመርኩት።