ወረርሽኝና የአሠሪው ግዴታ

በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. የኮሮና ደዌ ወደ አገራችን በገባ ሰሞን፥ በሰፈራችን አራት ሠራተኞች ይዞ ልብስ የሚሰፋ አንድ ጎረቤቴ ማታ ወደ ቤቴ መጥቶ፥ «ገበያው ቆሟል፤ የእነዚህን ልጆች ደመወዝ ከየት አምጥቼ ልክፈል? ባሰናብታቸውስ ሕግ ይጠይቀኛል ወይ?» ሲል ጠየቀኝ። በራዲዮ የምናገር በመሆኔ ሁሉን የማውቅ መስሎት ነበር። እኔም በዚያች ሌሊት የሕጉን መጻሕፍት ሳገላብጥ፥ ጥያቄው የጎረቤቴ ብቻ ሳይሆን ከስድስት መቶ ዓመታት በላይ የቆየ መሆኑን ተረዳሁ።

በአውሮፓ አቈጣጠር በ1348 ዓ.ም. በበጋ ወራት ታላቁ ቸነፈር ወደ እንግሊዝ አገር ገባ። ከሕዝቡም ሲሶ ያህሉን፥ ምናልባትም እኩሌታውን ፈጀ። የደረሰውን እህል የሚያጭድ፥ ከብቱን የሚጠብቅ ሰው ጠፋ። ከሞት የተረፈውም ጭሰኛና የቀን ሠራተኛ ተፈላጊነቱን ዐውቆ፥ የቀድሞው ደመወዝ እጥፍ ሆኖ እንዲከፈለው ይጠይቅ ጀመር። በዚህን ጊዜ ንጉሡ ኤድዋርድ ሦስተኛ፥ ስለ ደዌው ፓርላማውን መሰብሰብ ስላልተቻለ፥ ከአማካሪዎቻቸው ጋር መክረው በሰኔ 18 ቀን 1349 ዓ.ም. ትእዛዝ አወጡ። የትእዛዙም ቃል በአጭሩ ይህ ነው፤ ዕድሜው ከ60 ዓመት በታች የሆነ፥ ጤናም ያለው፥ የራሱ መሬት ወይም ንግድ ወይም የእጅ ሥራ የሌለው ሰው ሁሉ፥ ወንድም ሴትም ቢሆን፥ ለሚፈልገው ጌታ ይሥራ፤ ደመወዙም ቸነፈሩ ከመግባቱ በፊት የነበረው ይሁን፤ ውሉ ሳያልቅ ጥሎ የሄደ ይታሰር። ሥራ እየቻለ ለሚለምንም ሰው ምጽዋት መስጠት ተከለከለ። በ1351 ዓ.ም. ደግሞ ፓርላማው የደመወዙን ልክ በዝርዝር ደነገገ፤ ለዋና አናጢ በቀን 3 ፔኒ፥ ድርቆሽ ለሚሰበስብ 1 ፔኒ ብቻ እንዲሰጥ ሆነ።

አንባብያን ሆይ፤ ይህ ሕግ በሠራተኛው ላይ ብቻ የተጫነ አልነበረም። ከልኩ አብልጦ የከፈለ አሠሪ የከፈለውን እጥፍ፥ የርስት ጌታም ከሆነ ሦስት እጥፍ እንዲቀጣ ያዝዝ ነበር። ነገር ግን እህሉ በማሳው ላይ ሲረግፍ እያየ ሕጉን የሚጠብቅ ባለርስት ከየት ይገኛል? ብዙዎቹ በሥውር እየጨመሩ ከፈሉ፤ ዳኞቹም በዓመት በዓመት ብዙ ሕዝብ ይቀጡ ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ፥ የዚያ ሕግ ትልቁ ጥፋት የመቅሠፍቱን ዕዳ በሙሉ በደኸየው ወገን ላይ መጣሉ ነው። በ1381 ዓ.ም. ገበሬዎቹ ተነሥተው ለንደን በገቡ ጊዜ፥ ያስነሣቸው የቅርብ ምክንያት የነፍስ ወከፍ ግብር ቢሆንም፥ የደመወዙ ሕግ ያሳደረባቸው ቂም አብሮ ነበረ።

በእኛም አገር በኅዳር 1911 ዓ.ም. የገባውን የኅዳር በሽታ አባቶቻችን ነግረውናል። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ድነዋል፤ በአዲስ አበባም ሬሳ የሚቀብር ሰው ታጥቶ ነበር። በዚያ ዘመን ግን አሠሪና ሠራተኛ የሚዳኙበት የተጻፈ የሥራ ሕግ ገና አልነበረም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 1793 ከዐቅም በላይ የሆኑ ነገሮችን ሲዘረዝር፥ የመሬት መንቀጥቀጥን፥ መብረቅን፥ ጎርፍን፥ ጦርነትንም ይጠራል። ወረርሽኝን ግን በስም አይጠራም። ሆኖም ባለዕዳው ግዴታውን እንዳይፈጽም የሚያግድ የመንግሥት ክልከላ በዝርዝሩ ውስጥ አለ። ስለዚህ መንግሥት «ዝጋ» ያለው ነጋዴና ገበያ የቀዘቀዘበት ነጋዴ በሕግ ፊት እኩል አይደሉም። ይህን ልዩነት ለጎረቤቴ ለማስረዳት አንድ ሰዓት ያህል ፈጅቶብኛል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 ደግሞ ከስንብት ሌላ መንገድ ያሳያል። ከዐቅም በላይ በሆነ ምክንያት ሥራው ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት የተቋረጠ እንደ ሆነ፥ አሠሪው ለሚመለከተው ባለሥልጣን በጽሑፍ አስታውቆ ውሉን ሊያግድ ይችላል፤ እገዳው ግን ከ90 ቀን አይበልጥም። በእገዳው ጊዜ ደመወዝ አይከፈልም፤ ውሉ ግን አይሞትም። ለታመመ ሠራተኛ የመጀመሪያው ወር ደመወዝ ሙሉ፥ የሚቀጥሉት ሁለት ወሮች እኩሌታ ይከፈላል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወሮች ያለ ደመወዝ ናቸው።

ከዚህ ጥቂት ቀን በኋላ፥ በመጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በእርሱም መሠረት በወጣው ደንብ፥ የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስቴር ካወጣው የሥራ ቦታ ሥርዐት ውጭ ሠራተኛን ማሰናበት ተከለከለ፤ አከራይም ተከራይን እንዳያስወጣ፥ ኪራይም እንዳይጨምር ታዘዘ። አዋጁ የጸናው ለአምስት ወር ነበር።

ጎረቤቴ ያን ጊዜ ማንንም አላሰናበተም። ሁለቱ ሠራተኞች የዓመት ዕረፍታቸውን ወሰዱ፤ ሁለቱ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ መስፋት ጀመሩ። በሰኔም ወር የመሸፈኛው ትእዛዝ ስለ በዛበት፥ ዕረፍት የወጡትን ጠርቶ አራቱንም በአንድ ላይ አሠራቸው፤ የስፌት መኪኖቹን ግን ሁለት ሁለት ክንድ አራርቆ ስለ ነበረ አንደኛው በረንዳ ላይ ወጣ።