የስሙ ምስጢር በፊደላት ውስጥ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ! መንገደኛ አገር ሲለውጥ ልብሱን እንደሚለውጥ፥ ቃልም ከልሳን ወደ ልሳን ሲሻገር ፊደሉን ይለውጣል። ለውጡ ግን ሥርዐት አለው። ዕብራይስጥና ግዕዝ የአንድ ቤት ልጆች ስለ ሆኑ፥ ዕብራይስጡ «ሻሎም» ሲል ግዕዙ «ሰላም»፥ ያኛው «ሼም» ሲል ይህኛው «ስም»፥ ያኛው «ሻማዕ» ሲል ይህኛው «ሰምዐ» ይላል። ሸ በሰ መተካቱ በብዙ ቃላት ስለሚገኝ ዝምድናው የታመነ ነው፤ በአጋጣሚ የተመሳሰለውን ሁሉ ግን ዘመድ ማድረግ አይገባም።

አሁን ይህን ይዘን የጌታችንን ስም እንመርምር። ሙሴ የነዌን ልጅ አውሴን ኢያሱ ብሎ እንደ ሰየመው በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 13 ቍጥር 16 ተጽፏል። ይህ ስም በዕብራይስጥ «የሆሹዓ»፥ ሲያጥርም «የሹዓ» ይባላል፤ ሥሩ የ፥ ሸ፥ ዐ ሲሆን ምስጢሩ ማዳን ነው። ከጌታ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት መጻሕፍተ ኦሪት በእስክንድርያ ወደ ጽርዕ መተርጐም ሲጀምሩ፥ ጽርዕ ሸም ዐም አልነበረውም። ስለዚህ ሸ ሰ ሆነ፤ ዐ ቀረ፤ ጽርዕ በወንድ ስም መጨረሻ የሚያኖረው ሰ ተጨመረ፤ «ኢየሱስ» ተባለ። እኛም በግዕዝ የተቀበልነው ከዚያ ነው። በጽርዑ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 7 ቍጥር 45 የነዌ ልጅም በዚሁ ስም ተጽፎ ይገኛል።

መልአኩ ለዮሴፍ ስሙንና የስሙን ምክንያት አያይዞ የነገረው (ማቴ. 1፥21) ስለዚህ ነው፤ በዕብራይስጥ ስሙና «ያድናል» የሚለው ቃል የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸውና። ፊደሉ በመንገድ ቢለወጥም፥ አባቶቻችን «ኢየሱስ ማለት መድኃኒት ማለት ነው» እያሉ ምስጢሩን አቆይተውልናል።

«ሆሳዕና»ም ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው፤ «እባክህ አድን» ማለት ነው። በኢየሩሳሌም መንገድ የጮኹት ሰዎች መድኃኒትን በገዛ ስሙ ሥር ለመኑት። በአማርኛ ንግግራችን የማትሰማው ዕ በዚህ ቃል ውስጥ እስከ ዛሬ ተጽፋ ትኖራለች። «ድምፁ አንድ ነውና ትቅር» የሚል ቢኖር፥ ምስክር እያባረረ መሆኑን ይወቅ።

እንግዲህ ዘንባባ ይዘን ሆሳዕና ስንል፥ በገበያም ስሙን ለመሐላ ለማንሣት አፋችን ሲፈጥን፥ የምንጠራው ምን እንደ ሆነ እናስብ። አድነን ሳይሉ ስሙን መጥራት ሥሩን ትቶ ቅጠሉን መያዝ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።