የቋራይቱ ጽዋ

መተማና ቋራ በታሪክ መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ የሚነሡት ከጦርነት ጋር ነው። ይሁን እንጂ ከሱዳን ጋር የሚዋሰነው ይህ ቆላ ሌላም ታሪክ አለው፤ የእጅ ጥበብ ቅርስ ባለቤቱ ሲሞት ለማን ይቀራል ለሚለው ጥያቄ ትምህርት የሚሰጥ ታሪክ።

እቴጌ ምንትዋብ የትውልድ ሐረጓ ከቋራ ነው። ልጇ ዳግማዊ ኢያሱ በነገሠበት ዘመን (1723–1747 ዓ.ም.) ጎንደር ላይ ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን አሠራች፤ ለቤተ ክርስቲያኑም የወርቅ ጽዋ ተበረከተ። አንጥረኛው በጽዋው ላይ የንጉሡን ስም፣ የእቴጌይቱን የክርስትና ስም ወለተ ጊዮርጊስን፣ ስጦታውን የሚቀበለውንም ደብር በግእዝ ቀረጸበት። ሰጪዋ በ1765 ዓ.ም. አረፈች፤ ቃሏ ግን ከወርቁ ጋር ቀረ። ኑዛዜ በነፍስ አባትና በሽማግሌ ፊት የሚነገር ቃል ነው፤ ይህ ደግሞ በብረት ላይ የተጻፈ ኑዛዜ ነበር ማለት ይቻላል።

ከመቶ ዓመት በኋላ ሌላው የቋራ ሰው ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ዘርፎ ብራናውንና ንዋየ ቅድሳቱን ወሰደ፤ ሀሳቡም መቅደላ ላይ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ታላቅ ግምጃ ቤት ማቆም ነበር። ነገር ግን በጉልበት የተሰበሰበ ሀብት ጉልበት ሲደክም ለባለጉልበት ይቀራል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ራሱን ሲሠዋ የእንግሊዝ ጦር ሀብቱን በ15 ዝሆኖችና በ200 ገደማ በቅሎዎች አጓጉዞ ደላንታ ሜዳ ላይ በሐራጅ ሸጠው። የቁስቋም ጽዋም ለንደን ገባ፤ እስከ ዛሬም በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል።

አፄ ዮሐንስ በ1864 ዓ.ም. ለእንግሊዝ መንግሥት በጻፈው ደብዳቤ ሁለት ቅርሶችን በስማቸው ጠርቶ ጠየቀ፤ ክብረ ነገሥትንና የኩርዓተ ርእሱን ሥዕል። አንድ ክብረ ነገሥት ተመለሰ። ሥዕሉ ግን አልተመለሰም፤ የብሪትሽ ሙዚየም መልእክተኛ ሪቻርድ ሆምዝ ለግሉ ይዞት ነበርና። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው፤ ስም ያለው ቅርስ ቢጠፋም ይጠየቃል፤ ስም የሌለው ግን ከጠፋ የሚያስታውሰው የለም።

ጠያቂው ራሱ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ቆስሎ ሲሞት ዙፋኑን ለራስ መንገሻ ተናዘዘ። ነገር ግን ሠራዊቱ ሲያፈገፍግ አስከሬኑ ሳይቀር በደርቡሾች እጅ ወደቀ። የዙፋን ኑዛዜ የንጉሡን አካል እንኳ ማዳን አልቻለም፤ ያልተናዘዙለትን ዕቃማ ማን ያድነዋል?

ዛሬ በየቤቱ የአያቱን ጋሻ፣ የእናቱን የብር ጌጥ፣ የሸማኔውን ጥበብ፣ የስፌት ባለሙያዋን ሞሰብ ያኖረ ሰው ከእነዚያ ነገሥታት የሚሻልበት ዕድል አለው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ኑዛዜን በገዛ እጅ ጽሑፍ ወይም በአራት ምስክሮች ፊት ለማድረግ ይፈቅዳል፤ የ1992 ዓ.ም. የቅርስ አዋጅም ግለሰብ ቅርስ እንዲይዝ ፈቅዶ እንዲያስመዘግብ ያዛል። ስለዚህ ባለቤቱ በሕይወት ሳለ የሠሪውን ስም፣ የተሠራበትን ቦታና አገልግሎቱን ይጻፍ፤ ወራሹንም፣ ወራሽ ከሌለ ሙዚየሙን ወይም ደብሩን፣ ለይቶ ይሰይም። ሳይነገር የቀረ ስብስብ በወራሾች መካከል ይበታተናል፤ የብሩ ጌጥም በሚዛን ተመዝኖ ይሸጣል።

የቁስቋም ጽዋ ወደ አገሩ አልተመለሰም። ነገር ግን የማን እንደሆነ ለመመስከር ሌላ ሰነድ አያሻውም፤ ምስክሩን በገላው ላይ ተሸክሟል።