ስድስት ከአሥር

አባታችሁ ሐኪም ፊት ተቀምጠዋል እንበል፤ እናንተም አብራችኋቸው ገብታችኋል። የፕሮስቴት ባዮፕሲያቸው ውጤት ደርሷል፤ ካንሰር ተገኝቷል። «ግሊሰን ስድስት ነው» ይላል ሐኪሙ። «ከስንት?» «ከአሥር።» ትምህርት ቤት የዋለ ሰው ሁሉ ወዲያው ያሰላል፦ ስድስት ከአሥር? እንግዲያማ ከግማሽ አልፏል!

አላለፈም። በዛሬው አሠራር በባዮፕሲ ላይ የሚሰጠው ዝቅተኛ ቁጥር ይኸው ስድስት ነው ማለት ይቻላል። ለምን እንዲህ እንደሚያሳስት ለማወቅ ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ። (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1960ዎቹ ዶክተር ዶናልድ ግሊሰን በአሜሪካዋ ሚኒያፖሊስ ከተማ፣ የቀድሞ ወታደሮች በሚታከሙበት ሆስፒታል ፓቶሎጂስት ነበሩ። ሥራቸው ከሕመምተኛ የተወሰደ ናሙና በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። የፕሮስቴት ካንሰር አንዱን ሰው በአጭር ጊዜ ይገድላል፤ ሌላው ይዞት አርጅቶ በሌላ በሽታ ይሞታል። ሁለቱን አስቀድሞ መለየት ነበር ጭንቁ።

ግሊሰን እያንዳንዱ ሴል ላይ ከማፍጠጥ ይልቅ ራቅ ብለው የጥቃቅን እጢዎቹን አሰላለፍ አዩ። ሥርዓት ከያዙት ከ1 ጀምሮ ቅርጻቸው ጨርሶ እስከ ጠፋው እስከ 5 ድረስ አምስት መልክ ለዩ። አንድ ሰው ላይ ከአንድ በላይ መልክ ስለሚገኝ፣ በብዛት የታዩትን ሁለቱን ደመሩ። ድምሩም ከ2 እስከ 10 ሆነ። ከሕመምተኞቹ ዕጣ ጋር ሲመሳከር፣ ድምሩ ከፍ ባለ ቁጥር የሚሞተውም ይበዛ ነበር። ሥራው በ1966 ታተመ።

ግን መርፌ የሚያየው ጥቂቱን ነው። የእህል ነጋዴ ጆንያውን በሹል ብረት ወግቶ ጥቂት ፍሬ ሲያወጣ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። የወጣው ንጹሕ ቢሆንም ሥሩ ነቀዝ ሊኖር ይችላል። ባዮፕሲም እንደዚያው ነው። በ1989 የስታንፎርድ ሐኪሞች በአልትራሳውንድ እየተመሩ ከስድስት የተለያዩ ቦታዎች ናሙና መውሰድን አስተዋወቁ፤ በኋላ ቁጥሩ ወደ አሥራ ሁለት ገደማ አደገ። ያም ሆኖ እጢው ወጥቶ ሙሉው ሲመረመር ደረጃው ከባዮፕሲው ከፍ ብሎ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ታዲያ ከቀዶ ሕክምና በፊት ምን ማወቅ ይቻላል? በባልቲሞሩ ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ዶክተር አለን ፓርቲንና ባልደረቦቻቸው በ1993 መልስ ሞከሩ። የደም ምርመራውን (ፒኤስኤ)፣ ሐኪሙ በጣት ዳስሶ ያገኘውንና የባዮፕሲውን የግሊሰን ድምር ወስደው፣ እጢው ከወጣ በኋላ ከታየው ጋር አነጻጸሩ። ከዚያ የወጣው ሰንጠረዥ ካንሰሩ እጢው ውስጥ የመቆየቱን ወይም ወደ ውጭ የመውጣቱን ዕድል በመቶኛ ይናገራል። በ1997 ከሌሎች ሁለት ተቋማት ጋር ሆነው ከ4,000 በላይ ወንዶች መረጃ ላይ አደሱት። ቀላል ነገር አይደለም፤ ቀዶ ሕክምናው ሽንት መቆጣጠርንና ወሲብን ሊጎዳ ይችላል፤ ካንሰሩ አስቀድሞ ወጥቶ ከሆነ ደግሞ ብቻውን ላይበቃ ይችላል።

በ1994 እዚያው ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ፓቶሎጂስት ጆናታን ኤፕስታይን ከባልደረቦቻቸው ጋር ጥያቄውን ገለበጡት፦ መቆረጥ የማያስፈልገው የትኛው ነው? ስንት ናሙና ላይ ካንሰር እንደተገኘና እያንዳንዱን ምን ያህል እንደያዘ ቆጠሩ። ዛሬ ብዙ ወንዶች ሳይቆረጡ በቅርብ ክትትል የሚቆዩት እንዲህ ባለው መለኪያ ነው።

በዚህ መሐል 1 እና 2 የተባሉት መልኮች በባዮፕሲ ላይ መሰጠታቸው እየቀረ መጣ። ስለዚህ ዝቅተኛው 3+3፣ ማለትም ስድስት ሆነ። መሰላሉ ከስድስተኛው ደረጃ ይጀምራል ማለት ነው፤ ይህን ያልሰማ ሰው ግን ስድስት ሲባል ይደነግጣል፣ «ቶሎ ቁረጡልኝ» ይላል። ሰባትም ሌላ ወጥመድ አለው፦ 4+3 ከ3+4 ይከፋል፣ ድምሩ ግን አንድ ነው።

በ2014 ከተለያዩ አገሮች የመጡ ፓቶሎጂስቶች ቺካጎ ላይ ተሰብስበው ከ1 እስከ 5 ያሉ ምድቦችን ተቀበሉ። ስድስት ምድብ 1፣ 3+4 ምድብ 2፣ 4+3 ምድብ 3 ሆኑ። ካንሰሩ ያው ነው፤ የተለወጠው አጠራሩ ነው።

የድሮው ድምር ግን ዛሬም ውጤት ላይ ይጻፋል። እንግዲህ ወረቀቱን ለአባታችሁ የምታነቡት እናንተ ከሆናችሁ፣ «ስንት ነው?» ብላችሁ አታቁሙ። «ቆጠራው ከስንት ይጀምራል? ስንት ናሙና ላይ ተገኘ? ምን ያህሉንስ ይዟል?» ብላችሁ ጠይቁ። መቁረጥና መጠበቅ የሚለየው እዚያ ላይ ሊሆን ይችላል።