ጥፋት የሚያተርፍበት ሕግ

በመንዝ ደጋ፣ ከባሕር ወለል ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የተዘረጋው የጓሳ ሜዳ ዛሬ እንግዳ የሚመጣለት ለጭላዳ ዝንጀሮውና ለቀይ ቀበሮው ነው። ለአገሩ ገበሬ ግን ጓሳ ቤት የሚከደንበት፣ ገመድ የሚገመድበት፣ በክፉ ዘመን ከብት የሚተርፍበት ሣር ነው። ያ ሣር ለዘመናት ሳያልቅ የኖረው ጠባቂ ስለነበረው ነው። የአካባቢው አፈ ታሪክ አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት አቅኚ አባቶችን ያነሳል። ወሰናቸውን በፈረስ ግልቢያ ለይተው፣ ሜዳውን ለዘሮቻቸው ከለሉት ይባላል፤ ዘመኑም 17ኛው ክፍለ ዘመን እንደሆነ ይነገራል። ሥርዓቱ ቄሮ ነው። ባለ ርስቶቹ አባ ቄራ የሚሉትን አለቃ ይመርጣሉ፤ ሜዳው ለሦስት፣ ለአምስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዘጋል፤ አባ ቄራው ይከፈት ሳይል ማንም ማጭድ አያነሳም። ጥበቃውም የሁሉም ግዴታ ነበር።

ቄሮ የጸናው በሰው ቅንነት ብቻ አልነበረም። በተዘጋ ሜዳ ገብቶ ያጨደ ሰው የሚከፍለው የሣሩን ዋጋ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ አቅም ያለው ሁሉ እየከፈለ ያጭድ ነበር፤ ሜዳውም በአንድ ክረምት ተመልጦ ይቀር ነበር። የመንዝ አባቶች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ስለነበር ቅጣቱን ከባድ አደረጉት። አስልቶ አጥፍቶ፣ ቅጣቱን ከፍሎ፣ አትርፎ የሚወጣ ሰው እንዳይኖር ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቄሮ የቆመበትን የርስት መሠረት እስኪያፈርሰው ድረስ ሥርዓቱ ሠርቷል። ከዚያ በኋላ ሜዳው ምን ያህል እንደተጎዳ፣ ኅብረተሰቡም በኮሚቴና በመተዳደሪያ ደንብ መልሶ ለማቆም ምን ያህል እንደደከመ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው።

ይህን ያነሳሁት ስለ ቅርጫት ኳስ ልጽፍ ነው። የዓለም ትልቁን የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ የአሜሪካውን ኤንቢኤ፣ ለረጅም ጊዜ ያጨቃጨቀ አንድ ጥያቄ አለ። ከተጋጣሚ ቡድን ውስጥ ነጻ ውርወራ የማይሆንለትን ተጫዋች መርጦ፣ ኳሱ በእጁ ሳይኖር፣ ሆን ብሎ ፋውል መሥራት ይፈቀድ ወይስ ይከልከል? ጥያቄው ከስፖርት አልፎ ስለ ሕግ አወጣጥ ስለሆነ፣ የጓሳን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ባዕድ አይሆንበትም።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 29 ቀን 1997 ዳላስ ማቨሪክስ ከቺካጎ ቡልስ ጋር ተጋጠመ። ቡልስ የማይክል ጆርዳን ቡድን ነው፤ በወጉ ተጫውቶ ማሸነፉ ከባድ ነበር። የዳላሱ አሠልጣኝ ዶን ኔልሰን ዓይኑን ዴኒስ ሮድማን ላይ ጣለ። ሮድማን ከቅርጫት የተመለሰ ኳስ በመሰብሰብ በዘመኑ አቻ አልነበረውም፤ በዚያ ወቅት ግን ነጻ ውርወራው ከ40 በመቶ በታች ነበር። ኔልሰን ቡባ ዌልስ የተባለ ጀማሪ ተጫዋች አስገብቶ ሮድማንን ብቻ እየተከተለ ፋውል እንዲሠራበት አዘዘው። ዌልስ በ3 ደቂቃ ውስጥ ስድስት ፋውል ሞልቶ ከሜዳ ወጣ፤ በኤንቢኤ ታሪክ ከእርሱ ፈጥኖ በፋውል የወጣ ተጫዋች የለም። ሮድማን በበኩሉ ከ12 ውርወራ 9 አስገባ፤ ቡልስም አሸነፈ። ዘዴው በዚያ ምሽት ከሸፈ፣ ሐሳቡ ግን ተከታይ አገኘ።

ተከታይ ያገኘው ስሌቱ ትክክል ስለሆነ ነው። በኤንቢኤ አንድ ቡድን ኳስ ይዞ ባጠቃ ቁጥር በአማካይ ከአንድ ነጥብ ትንሽ የሚበልጥ ያገኛል። ሁለት ነጻ ውርወራ የተሰጠው ተጫዋች ግማሹን የሚስት ከሆነ የሚያገኘው በአማካይ አንድ ነጥብ ነው፤ ከግማሽ በላይ ከሳተ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ ደካማ ወርዋሪን ያዝ አድርጎ ወደ ነጻ ውርወራ መስመር መላክ በወጉ ከመከላከል ይሻላል። ጥሩ ወርዋሪ ላይ ይህ አይሠራም፤ ከ10 ውርወራ 8 የሚያስገባ ተጫዋች ለቡድኑ በአማካይ 1.6 ነጥብ ያስገኛል። እንግዲህ ለበደል ማካካሻ ተብሎ የተሠራው ቅጣት፣ ተበዳዩ ደካማ ሲሆን ለበዳዩ ትርፍ ሆነ ማለት ነው።

ሕጉ ግን ሲወለድ እንዲህ አልነበረም። ጄምስ ናይስሚዝ በ1891 መጨረሻ በስፕሪንግፊልድ፣ ማሳቹሴትስ፣ በወወክማ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ጨዋታውን ሲፈጥር 13 ሕጎች ጻፈ። በእነዚያ ሕጎች ውስጥ ነጻ ውርወራ የሚባል ነገር አልነበረም። ሁለተኛ ጥፋት የሠራ ተጫዋች ቀጣዩ ግብ እስኪገባ ከሜዳ ይወጣል፤ ሰውን ለመጉዳት ማሰቡ ከታየ ደግሞ ለጨዋታው በሙሉ ይታገዳል፤ ተተኪም አይገባለትም። አንድ ቡድን በተከታታይ ሦስት ጥፋት ከሠራ ለተጋጣሚው ግብ ይቆጠርለታል። ናይስሚዝ የበዳዩን ቡድን በቀጥታ በነጥብ ነበር የሚቀጣው፤ የተበዳዩን የመወርወር ችሎታ አልመዘነም። ይህ ለእኔ ከዛሬው ሕግ የጠራ ፍርድ ነው።

ነጻ ውርወራ የገባው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። መስመሩም መጀመሪያ ከቅርጫቱ 20 ጫማ ይርቅ ነበር፤ ቆይቶ ወደ 15 ጫማ፣ ማለትም ወደ 4.6 ሜትር ገደማ ቀረበ። ጥፋት የተሠራበት ማንም ይሁን ማን፣ ቡድኑ ከሁሉ የተሻለውን ወርዋሪ መርጦ መስመሩ ላይ ያቆም ነበር። በ1923 እና 24 የውድድር ወቅት ይህ ተለወጠ፤ የተበደለው ተጫዋች ራሱ ይወርውር ተባለ። ሐሳቡ በጎ ነበር፤ አንድ ሰው ብቻ የቡድኑን ውርወራ ሁሉ እየወሰደ ጨዋታውን እንዳይቆጣጠር ነው። ሆኖም ደካማ ወርዋሪን አድኖ ፋውል የመሥራት በር የተከፈተው ያን ጊዜ ነው። በጎ ታስቦ የወጣ ሕግ በጎን ሌላ ቀዳዳ ሲከፍት ታሪክ ብዙ ጊዜ አይቷል።

ቀዳዳውን ሁሉም ያየው በዊልት ቻምበርሊን ዘመን ነው። ቁመቱና ጉልበቱ የማይቻል፣ ነጻ ውርወራው ግን በሙያ ዘመኑ ሁሉ ሲሰላ 51 በመቶ ብቻ የሆነ ተጫዋች ነበር። ማርች 2 ቀን 1962 በሄርሺ ከተማ በኒውዮርክ ኒክስ ላይ 100 ነጥብ ሲያስቆጥር ግን ከ32 ነጻ ውርወራ 28ቱን አገባ። በዚያ ወቅት ኳሱን በሁለት እጁ ከጉልበቱ መካከል ወደ ላይ እየላከ ነበር የሚወረውረው። የጨዋታው ማብቂያ ደግሞ መልኩን አጣ። ኒክሶች ኳሱ ቻምበርሊን ጋ እንዳይደርስ የቡድን ጓደኞቹ ላይ ፋውል ይሠሩ ነበር፤ የእርሱም ቡድን ኳሱን ቶሎ ለማስመለስ በተራው ፋውል ይሠራ ነበር። በቅርጫት ኳስ ታሪክ ከሁሉ በላይ የሚነሳው ክብረ ወሰን የተመዘገበው ሁለቱም ወገን በስሌት በሚያጠፋበት ሰዓት ነው። ቻምበርሊን በኋላ ያንን አወራወር ተወው፤ ሲያዩት የሴት አወራወር ይመስላል ብሎ እንዳፈረ ራሱ ጽፏል። በዚያው አወራወር ዘመኑን የጨረሰው ሪክ ባሪ ግን በኤንቢኤ ወደ 90 በመቶ ገደማ አስገብቷል።

 

ከኔልሰን በኋላ ዘዴው ሻኪል ኦኒል ላይ በረታና በእርሱ ስም መጠራት ጀመረ። በ2000 የፍጻሜ ውድድር ሁለተኛ ጨዋታ ኢንዲያና ፔሰርስ ኦኒልን 39 ጊዜ ነጻ ውርወራ መስመር ላይ አቆመው፤ 18ቱን ብቻ አገባ፤ የእርሱ ቡድን ሌከርስ ግን አሸነፈ። በጃንዋሪ 2016 ሂውስተን ሮኬትስ በአንድሬ ድረሞንድ ላይ የሠራው ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይከፋል። የሦስተኛው ሩብ ጊዜ ሲጀመር የሂውስተኑ ኬ ጄ ማክዳንየልስ በ9 ሰከንድ ውስጥ አምስት ፋውል ሠራ። ድረሞንድ በዚያ ምሽት 36 ወርውሮ 23ቱን ሳተ፤ እስከዚያ ድረስ በአንድ ጨዋታ ያን ያህል የሳተ አልነበረም። ትኬት ቆርጦ የገባ ሕዝብ ያየው አንድ ሰው ደጋግሞ ሲስት ነው። ሩጫው፣ ቅብብሉ፣ መከላከሉ ሁሉ ቆመ።

በዚያው ዓመት በጋ ኤንቢኤ ሕጉን አሻሻለ። ኳስ በሌለው ተጫዋች ላይ ሆን ተብሎ ለሚሠራ ጥፋት፣ የተበደለው ቡድን የመረጠው ተጫዋች አንድ ነጻ ውርወራ ይወረውራል፣ ኳሱም ለቡድኑ ይመለሳል የሚለው ደንብ ቀድሞ የሚሠራው በአራተኛው ሩብና በጭማሪ ጊዜ የመጨረሻ 2 ደቂቃ ብቻ ነበር፤ አሁን በእያንዳንዱ ሩብ የመጨረሻ 2 ደቂቃ እንዲሠራ ተደረገ። ነገር ግን 48 ደቂቃ ከሚፈጀው ጨዋታ ደንቡ የሚጠብቀው 8 ደቂቃውን ነው። 40ው ደቂቃ ክፍት ነው። አንድ ድርጊት በሩቡ 11ኛው ደቂቃ ነውር ከሆነ በ5ኛው ደቂቃ ብልሃት የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም። አባ ቄራው ሜዳውን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ቢያስጠብቅ ጓሳ ይተርፍ ነበር?

የተቃራኒው ወገን ክርክር ቀላል አይደለም። ነጻ ውርወራ ማንም የማይጋፋህ፣ ቆመህ የምትወረውረው ነው፤ በሚሊዮን የሚከፈለው ተጫዋች ይህን ካልተማረ ጥፋቱ የራሱ ነው፤ ሕጉ ለምን ድክመቱን ይሸፍንለታል ይላሉ። መማር እንዳለበት እስማማለሁ፤ የባሪ ታሪክም መማር እንደሚቻል ያሳያል። ክርክሩ ግን አንድ ነገር ይዘላል። ድክመትን በጨዋታ ውስጥ መፈተን ሌላ ነው፣ ጨዋታውን አቁሞ ድክመቱን ብቻ ማስጫወት ሌላ ነው። ደካማው ተጫዋች ወደ ቅርጫቱ ሲዘል የሚመታው ተከላካይ ኳስ ፍለጋ ነው የመታው፤ ያኔ መስመሩ ላይ ይፈተን። ኳሱ ሜዳው ማዶ ሳለ ጀርባውን የሚታቀፈው ሰው ግን መከላከሉን ትቶታል።

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ይህ ልዩነት በገና ጨዋታም ይታወቃል። በልደት ቀን ጌታውም ሎሌውም ዱላ ይዞ ሜዳ ይወርዳል፤ ሩሩን ሲያሯሯጡ ዱላ ቅልጥም ቢያገኝ ጌታው አይቆጣም። ይቅር የሚባለው ግን በጨዋታ ግለት የመጣ ምት ነው። ሩሩን ትቶ ሰው ለይቶ የሚመታ ቢነሳ ጨዋታው ወደ ጠብ ይለወጣል።

ጥፋት የሚያተርፍበት ሕግ በእግር ኳስ የሚያደርሰውን ቁስል ደግሞ አፍሪካ በሙሉ ታውቀዋለች። ጁላይ 2 ቀን 2010 በጆሃንስበርግ፣ በጭማሪ ሰዓት ማብቂያ ላይ ወደ ግብ የሚገባውን የጋና ኳስ የኡራጓዩ ሉዊስ ሱዋሬዝ በእጁ መለሰው። ቀይ ካርድ አየ፤ አሳሞዋ ጂያን የመታው ፍጹም ቅጣት ምት አግዳሚውን መትቶ ወጣ፤ ኡራጓይ በመለያ ምት 4 ለ 2 አሸንፋ ግማሽ ፍጻሜ ገባች። ጋና የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ የደረሰች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት አገር ልትሆን ነበር። ሕጉ በትክክል ተፈጽሟል፤ ዳኛው ምንም አላጓደለም። የጎደለው ሕጉ ነው፤ የተረጋገጠ ግብን ወስዶ በምትኩ ዕድል ብቻ ሰጠ።

የእኛ ሊጎች የሚጫወቱበት የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን፣ የፊባ ሕግ ከኤንቢኤ የተሻለ መሣሪያ አለው። ኳሱን ለመጫወት በወጉ ያልተሞከረበት ንክኪ ከስፖርት ጨዋነት የወጣ ፋውል ነው፤ ሁለት ነጻ ውርወራና የኳሱ ባለቤትነት ያሰጣል፤ ሁለት ጊዜ የሠራው ከጨዋታው ይወጣል። ይህ 40 ደቂቃ በሚፈጀው የፊባ ጨዋታ በሙሉ የሚሠራ ነው። ችግሩ ዳኛው ፊሽካውን ሲነፋ ተራ ፋውል እያለ ካለፈው ነው፤ ያኔ ሕጉ ከወረቀት አይወርድም።

ፍርዴ ግልጽ ነው፤ ኤንቢኤ የ2 ደቂቃውን ደንብ ለጨዋታው በሙሉ ያውጣው። በአዲስ አበባም ሆነ በደብረ ብርሃን፣ በመሐል ሜዳም ሆነ በዓለም ከተማ ትምህርት ቤቶች ለምትዳኙና ለምታሠለጥኑ ሁሉ ደግሞ ልመናዬ ይህ ነው፤ ኳስ የሌለውን ልጅ መርጦ የሚይዝ ተጫዋች ስታዩ ከስፖርት ጨዋነት የወጣ ፋውል ብላችሁ ንፉ፣ ነጻ ውርወራ የማይሆንለትን ልጅ ደግሞ ከልምምድ በኋላ መስመሩ ላይ አቁማችሁ አስተምሩት።